የሬስ እቃ በጎዳና መኪና ላይ ከመግጠማችሁ በፊት

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና ስጠግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የኛ ልጆች ናቸው፤ ሱባሩ፣ ሆንዳ ሲቪክ፣ አሮጌ ቢኤምደብልዩ ይዘው ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄን የሬስ እቃ ኢንተርኔት ላይ በጥሩ ዋጋ አገኘሁት፣ ይግጠሙልኝ።» ካርቶኑን ሳገላብጠው ከታች በደቃቅ ጽሑፍ ‹ለውድድር ብቻ› ይላል። ልጁ ያንን የሚያነበው እንደ ሙገሳ ነው፤ ለውድድር ከተሠራ ከተራው ይበልጣል ብሎ ያምናል።

እኔም ሬስ እወዳለሁ። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሰሚት ፖይንት የሚባል ትራክ አለ፤ ከዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቢያስነዳ ነው። ማንም ሰው ተመዝግቦ፣ አስተማሪ አጠገቡ ተቀምጦለት የራሱን መኪና በፍጥነት የሚነዳባቸው ቀኖች አሉት። የሬስ እቃ ምን ማድረግ እንደሚችል ያየሁት እዚያ፣ በራሴ ማዝዳ ሚያታ ነው። ልጆቹ የያዛቸው ፍቅር እኔንም ይዞኛል፤ ይህን የምጽፈውም ፍቅሩን ጠብቀው፣ ራሳቸውንና አብሯቸው የሚሳፈረውን ሰው ደግሞ እንዳይጎዱ ስለምፈልግ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሬስ እቃ የሚሠራው በዙሪያው ሌላ ብዙ ነገር እንዳለ ታስቦ ነው። ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት ጎማውና ፍሬኑ የሚሞቅበት ዙር አለ። አሽከርካሪው የራስ ቁርና እሳት የሚቋቋም ልብስ አድርጓል። መኪናው በገባ ቁጥር ጎማ ፈትቶ፣ ብሎን እየነካካ የሚያይ ሰው አለ። የእቃው ዕድሜም በሰዓት ወይም በውድድር ቁጥር ይሰላል፤ ሲያልቅ ይጣላል። እቃውን ብቻ ነጥላችሁ ወደ ሰፈራችን ጎዳና፣ ወደ ኮሎምቢያ ፓይክ ስታመጡት ያ ሁሉ ትራኩ ላይ ይቀራል።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ መኪናውን ስለሚያቆመው ስለ ፍሬን ሸራ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።

የተራ መኪና ሸራ፣ መኪናው ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ላይ ቆሞ ቢያድርም በመጀመሪያው ርግጫ እንዲይዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው። በከተማ አነዳድ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይዘልም፣ ለዚያ ደግሞ ተራው ሸራ ከበቂ በላይ ነው። ትራክ ላይ ሌላ ነው። 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሄደ ሲቆም ፍሬኑ ወደ 540 ኪሎጁል የሚጠጋ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ሰሚት ፖይንት ላይ ረጅሙ ቀጥታ ሲያልቅ ከዚህ በሚበልጥ ፍጥነት ደርሳችሁ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ አጥብቃችሁ ትረግጣላችሁ፤ ዲስኩ ሳይበርድ ዞራችሁ መጥታችሁ እንደገና እዚያው ትረግጣላችሁ። ዲስኩ ከ500 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የተራው ሸራ ማጣበቂያ በዚህ ሙቀት እየተቃጠለ ጋዝ ያወጣል፤ ፔዳሉ እንደጠነከረ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። ፔዳሉ ልፍስፍስ ብሎ ወደ ወለሉ ከወረደ ደግሞ የፈላው የፍሬን ዘይቱ ነው። የሁለቱ መድኃኒት የተለያየ ስለሆነ ይህን መለየት ይጠቅማል፤ የመጀመሪያው ሸራ፣ ሁለተኛው ዘይት ነው የሚፈልገው።

የሬስ ሸራ ለዚያ ሙቀት የተሠራ ነው። እስከ 700 ዲግሪና ከዚያም በላይ የማይደክሙ አሉ። ከነዚህ ብዙዎቹ ግን በደንብ መያዝ የሚጀምሩት 150 ወይም 200 ዲግሪ ካለፉ በኋላ ነው። ከዚያ በታች ሲሆኑ እግራችሁ የለመደውን ያህል ብትረግጡ የለመዳችሁትን ያህል አይዙም። በከተማ መንገድ ደግሞ አብዛኛውን ቀን ከዚያ ሙቀት በታች ነው የምትነዱት። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ቀዝቅዘው ሲሠሩ ዲስኩን ይፍቁታል፣ ሰፈሩን የሚረብሽ ጩኸት ያሰማሉ፣ ብናኛቸው ቸርኬው ላይ ተለጥፎ ዝናብ ሲነካው ይዝጋል።

አንድ ወጣት ደንበኛዬ እንዲህ ያለ ሸራ ገጥሞ ነበር። ጠባዩን ያውቀዋል፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ እየረገጠ ያሞቀዋል፣ ካልያዘለት ጨምሮ ይረግጣል። ጥር ውስጥ አንድ እሑድ ግን እናቱ መኪናውን ይዘው ገና ሳይነጋ ወደ ቅዳሴ ወጡ። ከሰፈራቸው የሚያወጣው መንገድ ቁልቁል ነው። እንደ ወትሮው ረገጡ፣ መኪናው እንደ ወትሮው አልቆመም፤ የማቆሚያ ምልክቱን አልፈው መስቀለኛው መሐል ገቡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ሰዓት የሚያልፍ መኪና አልነበረም። ልጁ በማግስቱ መኪናውን አምጥቶ «ፍሬኑን ይዩልኝ» አለኝ። አየሁት። የሚፈስ የለም፣ አየር አልገባበትም፣ ሸራው ገና ወፍራም ነው፣ ዲስኩም ደህና ነው። ሁሉም እንደተሠራበት እየሠራ ነበር። እናትየው ያልሠሩትን ስህተት ለሳምንታት በራሳቸው ሲያላክኩ መክረማቸው እስካሁን ያሳዝነኛል።

በኛ ቤት መኪና የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ አያውቅም። እህት ትወስደዋለች፣ አባት ኤርፖርት እንግዳ ይቀበልበታል፣ ጎረቤት ታሞ ሐኪም ቤት ይደረስበታል። ጠባዩን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ የሆነ ፍሬን እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

«ግን ጋሼ፣ የሬስ ሸራ ቶሎ ያቆማል» የሚሉኝ አሉ። ራሳችሁ ፈትኑት። ሰው በሌለበት ደረቅ ቦታ ላይ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዳችሁ ባላችሁበት ሸራ ጠንክራችሁ ርገጡ። ኤ ቢ ኤሱ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ሥርዓት) ፔዳሉን ካንቀጠቀጠው፣ ሸራችሁ ጎማው መሬት ሊቆነጥጥ ከሚችለው በላይ እየያዘ ነው ማለት ነው። ለአንድ ጊዜ ማቆም ከዚያ በላይ ምንም ሸራ አያሳጥርላችሁም፤ ርቀቱን የሚወስነው ጎማው ነው። የሬስ ሸራ ጥቅሙ በሃያኛውም በሠላሳኛውም ርግጫ ሳይደክም መያዙ ነው፤ ያ ደግሞ ከተማ ውስጥ የማያጋጥም ነገር ነው።

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የጎዳና ሸራ ጠርዙ ላይ ወይም ጀርባው ላይ ብዙ ጊዜ የሚይዘውን መጠን የሚያሳዩ ሁለት ፊደላት ያሉበት ኮድ ይታተምበታል። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በተለመደው ሙቀት የሚይዘውን መጠን፣ ሁለተኛው ሲግል የሚይዘውን ያሳያል። በሰበቃ (ፍሪክሽን) መለኪያ ‹ኢ› ከ0.25 እስከ 0.35፣ ‹ኤፍ› ከ0.35 እስከ 0.45፣ ‹ጂ› ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ‹ኤፍ ኤፍ› የሚል ለቤተሰብ መኪና በጣም ጥሩ ነው። ፊደላቱ ስለ ጥንካሬና ስለ ዕድሜ አይናገሩም፤ ግን ምንም ኮድ የሌለው፣ ‹ለውድድር ብቻ› የሚል ሸራ ከሆነ ለመመለስ ያ ብቻ ይበቃል።

እኔ ትራክ ስሄድ በጎዳና ሸራ ነድቼ እሄዳለሁ። የትራኩን ሸራና ለሱ የተመደበውን ዲስክ በሳጥን ይዤ እሄድና እዚያው ክሪክ አቁሜ እቀይራለሁ፤ ማታ ስመለስ የጎዳናውን እመልሳለሁ። ዲስኩን አብሬ የምቀይረው እያንዳንዱ ሸራ የራሱን ስስ ልባስ ዲስኩ ላይ ስለሚተው ነው፤ የአንዱ ልባስ ላይ ሌላ ዓይነት ሸራ ሲያርፍ ፍሬኑ ይንቀጠቀጣል፣ አያያዙም ይዛባል። ሥራው አድካሚ ነው። ለድካሙ ካልተዘጋጃችሁ መሐል ላይ ያለ፣ ለኃይለኛ አነዳድም ለቀዝቃዛ ጠዋትም የሚሆን የጎዳና ሸራ አለ፤ ለጀማሪ የትራክ ቀን ያ ይበቃል።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶችም «ወደ ጎጃም ስንወርድ ፍሬን ይግልብናል፣ የሬስ ሸራ በሻንጣ ላክልን» ይላሉ። ችግሩ እውነት ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ያንኑ 1,400 ኪሎ መኪና 1,000 ሜትር በፍሬን ብቻ ማውረድ ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር እኩል ሙቀት ያመነጫል። ነገር ግን ይህን ሙቀት መሸከም ያለበት ሞተሩ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ መኪናውን ይዞ ያወርደዋል። ፍሬኑን ረገጥ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ካወረዳችሁ በኋላ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት፤ እግርን ሳያነሱ ለረጅም ጊዜ መጫን ነው የሚያግለው። የፍሬን ዘይቱንም በየሁለት ዓመቱ ለውጡ። ዘይቱ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ደረጃው ያስገድዳል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወለል ወደ 155 ይወርዳል። በረሃውን ለሚወርድ ሰው ከሬስ ሸራ ይልቅ አዲስ ዘይት ነው የሚያድነው።

ወደ ቀበቶ ልሂድ፤ ይህኛውም እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው።

የሬስ ወንበርና ባለ አራት ማሰሪያ ቀበቶ ያምራል፣ አልክድም። የፋብሪካው ቀበቶ ግን ከኤርባጉ፣ ከወንበሩና ከመሪው ጋር አብሮ ተሰልቶ የተሠራ ነው። ግጭት ሲመጣ በቅጽበት ይጠብባል፣ ከዚያ ደረት እንዳይሰበር ጥቂት ይለቅቃል፣ ኤርባጉም በዚያችው ቅጽበት ይነፋል። ባለ አራት ማሰሪያው ሲተካው ይህ ስሌት ይፈርሳል። በእግር መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ስለሌለው የትከሻዎቹ ገመዶች ሲወጠሩ የወገቡን ቀበቶ ወደ ላይ ይስቡታል፤ ሰውነት ከሥሩ ይሾልካል፣ ቀበቶው ዳሌ አጥንት ላይ መሆኑ ቀርቶ ሆድ ላይ ይቀበቀባል። ባለ ስድስቱ ይህን ይፈታል፤ ግን ትከሻ ሙሉ በሙሉ ታስሮ ራስ ብቻ ወደ ፊት ሲወነጨፍ ጉዳቱ አንገት ላይ ያርፋል። ታዋቂው የአሜሪካ የመኪና ተወዳዳሪ ዴል ኧርንሃርት የካቲት 18 ቀን 2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዴይቶና ላይ የሞተው የራስ ቅሉ መሠረት ተሰብሮ ነው። ውድድሩን የሚመራው ናስካር በዚያው ዓመት ጥቅምት የራስና የአንገት መያዣ ግዴታ አደረገ። ወደ ሥራ ስትሄዱ ያን መያዣና የራስ ቁር አታደርጉም።

ይህ ሁሉ ለሚታሰረው ሰው ነው። እኔ በዓይኔ የማየው ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው፤ ጎን የሚሳፈረው ሰው ማሰሩ ስለሚቸግረው ቀበቶው ላይ ቁጭ ብሎ ይሄዳል። የፋብሪካው ቀበቶ ተነቅሏል፣ አዲሱ ከሥሩ ተጎዝጉዟል፣ ጓደኛችሁ ሳይታሰር ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ ነው። የሬስ ቀበቶ የሚያበቃበት ቀንም አለው፤ የሬስ እቃ ደረጃ ከሚያወጡት ድርጅቶች በኤፍ አይ ኤ ደረጃ አምስት ዓመት፣ በኤስ ኤፍ አይ ሁለት ዓመት። መኪናው ሲገለበጥ እንዳይደፈጠጥ ውስጡ ስለሚገጠመው የብረት ቅርጫትም አንድ ቃል፤ ባለ ቁሩን ሰው ያድናል፣ ቁር ያላደረገ ራስ ሲያርፍበት ግን ብረት ነው። ልጆች ከኋላ በሚቀመጡበት መኪና ውስጥ አልገጥምም፤ ደንበኛ ቢቀርብኝም አልገጥምም።

ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጣሪያውን) አውጥቶ ባዶ ቱቦ መግጠም ሦስተኛው ልማድ ነው። ቱርቦ ባለው መኪና ላይ ጉልበት ይጨምራል፣ አልዋሽም። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፤ የአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ በመንገድ መኪና ላይ የተገጠመን የጭስ ማጣሪያ መንቀልንም፣ እሱን የሚያከሽፍ እቃ መሸጥና መግጠምንም ይከለክላል። ካርቶኑ ላይ ‹ለውድድር ብቻ› መባሉ እቃው ታርጋ ባለው መኪና ላይ ሲገጠም ማንንም አያድንም፤ ገጣሚውን ጋራዥም ጭምር። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1996 ወዲህ የተሠራ መኪና ደግሞ ኮምፒውተሩ ራሱ ያጋልጣል። ሕጉን ትታችሁ ትንፋሻችሁን አስቡ። በሚገባ የሚሠራ ኮንቨርተር አብዛኛውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ያስቀራል፤ ያ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። በደንብ ያልተገጣጠመ ባዶ ቱቦ ወደ ውስጥ ሲያፈስ፣ በክረምት መስኮት ዘግቶ ሞተር እያስነሳ የሚሞቅ ሰው መታፈኑን አያውቅም።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። ጥርስ አልባ የሬስ ጎማ የዲ ኦ ቲ (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምልክት የለውም፣ ጎዳና ላይ ሕጋዊ አይደለም፤ ምልክቱ ያለው፣ ግን ጥርሱ ጥልቀት የሌለው ደግሞ በዝናብ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ ከ7 ዲግሪ በታች ሲሆን ይደርቃል። በጎሚኒ (በእግሮቹ መጋጠሚያ ባለው ላስቲክ) ፋንታ የሚገባው የብረት ሉል መጋጠሚያ መሪውን ፍጹም ያደርገዋል፤ ነገር ግን አቧራና ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ይበላዋል። ውድድር ላይ በየጊዜው ይፈተሻል፣ እናንተ ግን የምታስታውሱት ሲንኳኳ ነው። የሬስ ሞተር ዘይት ፎስፈረሱ ይበዛል፣ ማጠቢያው ያንሳል፤ ፎስፈረሱ ካታሊቲኩን ይሸፍነዋል፣ ለረጅም ኪሎ ሜትርም አልተሠራም። አንዳንድ የሬስ ቤንዚን እርሳስ አለበት፣ በአንድ ታንክ እንኳ የኦክስጅን ሴንሰርን ሊያበላሽ ይችላል። በብረት ክር የተጠለፈ የፍሬን ቱቦ ጥሩ እቃ ነው፣ ግን የዲ ኦ ቲ ደረጃ ያሟላውን ግዙ፤ ደረጃው ቱቦው ለ35 ሰዓት ያለማቋረጥ ሲወዛወዝ እንዳይሰነጠቅ ያስገድዳል፣ ለውድድር ብቻ የተባለው ይህን ላያልፍ ይችላል። የብረት ክሩ ደግሞ ውስጡን ይሸፍናል፣ ስንጥቁን በዓይን አታዩትም።

ታዲያ ገንዘቡን ምን ላይ ላውለው ለሚለኝ፣ ቅደም ተከተሌ ይህ ነው። መጀመሪያ ጥሩ ጎማ፤ ለበጋ የበጋ፣ ለክረምት የክረምት። ቀጥሎ የፍሬን ዘይት፤ ከ300 ዲግሪ በላይ የሚፈላውና የዶት 4 ደረጃ ያለው የሬስ ዘይት ጎዳና ላይም ይሠራል፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይለወጥ። ከዚያ ለኃይለኛ አነዳድ የተሠራ የጎዳና ሸራ። ከዚያ ያረጁትን ጎሚኒና ሾክ መቀየር፤ ብዙ ጊዜ ‹መኪናዬ ይዋልላል› ብሎ የመጣ ልጅ የሚያስፈልገው ይህ ነው። የተረፈውን ብር ለአንድ የትራክ ቀን መመዝገቢያ አውሉት። አስተማሪ አጠገባችሁ ተቀምጦ የምትማሩት ከማንኛውም እቃ ይልቅ ፈጣን ያደርጋችኋል፤ በዚያ ላይ ፍጥነቱን ከ395 አውራ ጎዳና ላይ ያነሳዋል።

እቃ ስትገዙ ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት። ጎማ ወይም የፍሬን ቱቦ ከሆነ የዲ ኦ ቲ ምልክት አለው? የጭስ ክፍል ከሆነ ከክልከላው ነጻ መሆኑን የሚያሳይ፣ ከካሊፎርኒያ የአየር ቦርድ የተሰጠ ቁጥር አለው? ለኔ መኪና ዓመትና ሞዴል ነው? ቁጥሩን ቦርዱ ባወጣው ዝርዝር ላይ ራሳችሁ ተመልከቱ። «አይጨነቁ፣ ሁሉም ይገጥማል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

የፈታችሁትን ኦርጅናል እቃ አትጣሉ፣ አትሽጡም። ብሎኖቹን ለየብቻ በላስቲክ አስራችሁ፣ ጽፋችሁበት አስቀምጡ፤ ምርመራ ሲደርስ ወይም መኪናውን ሌላ ሰው ሲወስደው ትፈልጉታላችሁ። ከገጠማችሁት ውስጥ ኢንሹራንሱ ያላወቀው ነገር ካለ ደውላችሁ አሳውቁ፤ አደጋ ከደረሰ በኋላ ያልተነገረ ለውጥ ክፍያ ሊያስከለክል ይችላል። ፍሬኑ የተቀየረ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ቁልፍ ለሚይዝ ሰው ሁሉ፣ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ንገሩ፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁም አንድ ጊዜ አስረግጡት።